ደረሰኝ፦ ስለ መዝገበ ቃላት፣ ስለ ቆጠራና ስለ መስማት

«ደረሰኝ» በአማርኛ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ገንዘብ የከፈለ ሰው የሚቀበለው ወረቀት ነው። ሁለተኛው ዕጣ የወጣለት ሰው የሚናገረው ግሥ ነው፤ «ዕቁቡ ደረሰኝ»፣ «ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ» ይባላል። ሁለቱ በአጻጻፍ አይለያዩም፤ በአነባበብም አይለያዩም። ወረቀቱ ስሙን ያገኘው ከግሡ ነው፤ ገንዘቡ ለተቀባዩ መድረሱን ይመሰክራልና። በአዲስ አበባ በልደታ ኮንዶሚኒየም ሁለቱ ቃላት በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፤ «ቤት ደረሰኝ» ብሎ የገባ ሰው የባንክ ዕዳውን የከፈለበትን ደረሰኝ በመሳቢያው ያኖራል። ለጎረቤት ጆሮ በዚህ ውስጥ ምንም ግርታ የለም። መዝገበ ቃላት ለሚያዘጋጅ ሰው ግን፣ ይልቁንም ሥራውን በኮምፒውተርና በሰፊ የጽሑፍ ክምችት ለሚሠራ ሰው፣ ይህች አንዲት ቃል የሙያውን ዋና ዋና ጥያቄዎች ሁሉ ትይዛለች። ቃል የት ይገኛል? ትርጉሙ በምን ይታወቃል? ማንስ ይመሰክርለታል?

ምስክሮቹ

መዝገበ ቃላት የምስክርነት ሥራ ነው። እያንዳንዱ ፍቺ «ሰዎች ይህን ቃል ይናገራሉ፤ ሲናገሩትም ይህን ማለታቸው ነው» የሚል ቃል ይሰጣል። ከኮንዶሚኒየሙ ብዙ ሳይርቅ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት ይገኛል። ችሎት ፊት የቆመ ምስክር የሚጠየቀው ራሱ ያየውንና የሰማውን ነው፤ «ሲሉ ሰምቻለሁ» ማለት ከጀመረ የቃሉ ክብደት ይቀንሳል። የመዝገበ ቃላት ታሪክም በዚሁ ሚዛን ሊታይ ይችላል። በየዘመኑ ለቃል የቆመው ምስክር ማን ነበር?

በ1698 እ.ኤ.አ. ፍራንክፈርት ላይ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ የአማርኛና የላቲን መዝገበ ቃላት አሳተመ። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። ምስክሩ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ፤ በ1649 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ተዋውቀው፣ በ1652 ደግሞ ጎታ ድረስ ሄደው አስተምረውታል። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 በባሕር አደጋ ሞቱ። መጽሐፉ የወጣው ከዚያ በኋላ 40 ዓመት ቆይቶ ነው። የዚያ ሥራ መሠረት በአብዛኛው የአንድ አባት አንደበት ነበር። ሁለት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ኢኛትሲዮ ጉዊዲ የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላቱን በ1901 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ሲያወጣ፣ ከጎኑ የነበሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው።

እኒሁ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት የግእዝ መዝገበ ቃላት በኢትዮጵያ የሊቃውንት ታሪክ ውስጥ ልዩ የአደራ ሰንሰለት ሆኗል። ሥራውን ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረከቡት። እርሳቸውም መጽሐፉ ለኅትመት ሳይበቃ ስላረፉ አደራው ወደ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተላለፈ። በመጨረሻ በ1948 ዓ.ም. «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ተብሎ ታተመ። ሦስት ዕድሜ አንድ መጽሐፍ ወለደ። ደስታ ተክለ ወልድ የራሳቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. አወጡ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1951 ዓ.ም. የከሣቴ ብርሃን ተሰማ መዝገበ ቃላት ወጥቶ ነበር። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ቃል የሚኖረው በሊቁ ትውስታ ነው፤ ሊቁ በጉባኤ ቤት የሰማውን፣ በቅኔ ቤት የመዘነውን፣ በገበያና በጉዞ የቀሰመውን ከራሱ ያወጣል። የዚህ ምስክርነት ኃይሉ ጥልቀቱ ነው። ሥርን ከግእዝ ያውቃል፤ ዘመድ ቃላትን አንዱን ከሌላው ያገናኛል፤ ከአንድ ትውልድ አፍ ሊጠፋ የተቃረበውን ቃል ይይዛል። ድክመቱም ከዚያው ይመጣል፤ አንድ ዕድሜ የሚሰማው የተወሰነ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ድክመት በወረቀት ሊያሸንፈው ሞከረ። ሥነ ጽሑፋዊ ሕይወቱን የአባ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ በ1735 እ.ኤ.አ. በመተርጎም የጀመረው ሳሙኤል ጆንሰን፣ በ1755 ባወጣው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለፍቺዎቹ ከመጻሕፍት የተቀዳ ጥቅስ አስከተለ። በጄምስ መሪ ሲመራ የቆየውና በ1928 የተጠናቀቀው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ደግሞ ፈቃደኛ አንባቢዎች ከየመጽሐፉ እየቀዱ በላኩት በሚሊዮን በሚቆጠር ቁራጭ ወረቀት ላይ ተሠራ። ከዚህ ወዲያ ምስክሩ አንድ ሰው መሆኑ ቀረ። ቃሉ የተጻፈበት ቦታ ሁሉ ምስክር ሆነ። ኮምፒውተር የመጣው ይህን ሐሳብ ሊያሰፋ ነው።

ክምችቱ

በሙያው ቋንቋ ኮርፐስ የሚባለው፣ አንድን ቋንቋ እንዲወክል ታስቦ የተሰበሰበና ኮምፒውተር ሊፈትሸው በሚችል መልክ የተቀመጠ የጽሑፍ ወይም የንግግር ክምችት ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ብራውን ዩኒቨርሲቲ የተጠናቀቀው ክምችት በ1961 ከታተሙ ጽሑፎች የተወሰዱ 500 ናሙናዎችን፣ በድምሩ አንድ ሚሊዮን ያህል ቃላትን ያዘ። በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ በጆን ሲንክሌር መሪነት በ1987 የወጣው የኮቢልድ መዝገበ ቃላት ደግሞ ከፍቺ እስከ ምሳሌ በክምችት ላይ የተመሠረተ የመጀመሪያው ታላቅ ሥራ ሆነ።

ለውጡ በአዘጋጁ ጥያቄ ላይ ነው። የቀድሞው አዘጋጅ «ስለዚህ ቃል ምን አውቃለሁ?» ብሎ ይነሣል። በክምችት የሚሠራው «ሰዎች በዚህ ቃል ምን ሲሉ ቆይተዋል?» ብሎ ይነሣል። ኮምፒውተሩ ቃሉ የተገኘበትን ዐረፍተ ነገር ሁሉ ፈልጎ፣ ቃሉን መካከል ላይ አሰልፎ፣ ከግራና ከቀኝ ያሉትን ቃላት ያሳያል። አዘጋጁ ከላይ ወደ ታች ሲያነብ፣ ትውስታው ብቻውን ያላስታወሰውን የተዘወተረ ልማድ ያያል።

በአማርኛም መንገዱ ተጀምሯል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ከዋልታ ኢንፎርሜሽን ማዕከል 1,065 ዜናዎችን ወስዶ፣ 210,000 ያህል ቃላትን አንድ በአንድ በእጅ እያየ የቃል ክፍላቸውን መደበ። በ2018 እ.ኤ.አ. የቀረበው የዘመናዊ አማርኛ ክምችት ከ25,199 ሰነዶች የተውጣጡ 24 ሚሊዮን ያህል ቃላትን ይዟል፤ የቃላቱ ቅርጽ የተተነተነው በፕሮግራም ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የዘመኑን ጠባይ ያሳያል። በመጀመሪያው የሰው ዓይን እያንዳንዱን ቃል ነክቷል። በሁለተኛው አብዛኛውን ቃል ያየው ማሽን ብቻ ነው።

ሦስቱ እንቅፋቶች

አማርኛን የሚያነብ ማሽን መጀመሪያ የሚሰናከለው በሆሄ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያ ፊደል ዓለም አቀፍ የኮድ ቦታ እስኪያገኝ ድረስ፣ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ ቁጥር ይመድብ ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። በዚያ ዘመን የተተየበ ብዙ ጽሑፍ ዛሬ ለክምችት የሚበቃው ኮዱ ከተለወጠ ብቻ ነው። ኮዱ አንድ ከሆነ በኋላም የድምፀ ሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ይቀራል። አዋጁ «የጋራ ሕንፃ» ያለው ነገር በጋዜጣ ላይ ሕንፃ፣ ሕንጻ፣ ህንፃ፣ ህንጻ ሆኖ ይወጣል። ሦስቱን «ህ» ከሁለቱ «ጻ» ጋር ያጣመረ ስድስት መልክ ያገኛል። «ኮንዶሚኒየም» ራሱ ኮንደሚኒየም፣ ኮንዶሚኒዬም፣ ኮንዶሚንየም እየተባለ ይጻፋል። ማሽን እነዚህን እንደ ተለያዩ ቃላት ከቆጠረ አንዱ ቃል ኃይሉ ተበትኖ ያንሳል። ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል ቢያዋሕድ ደግሞ፣ ፀሐይ «ሠረቀ» እና ሌባ «ሰረቀ» የሚሉት፣ ሊቃውንት በሆሄ የለዩአቸው ቃላት፣ ልዩነታቸውን ያጣሉ። ትክክለኛው መንገድ ጸሐፊው የጻፈውን እንዳለ ጠብቆ፣ የተዋሐደውን መልክ ከጎኑ ማስቀመጥ ነው። መቁጠሪያው ሁለተኛውን ይጠቀማል፤ ታሪክ የመጀመሪያውን ይፈልጋል።

ሁለተኛው እንቅፋት የቃል ቅርጽ ነው። «ስላልደረሳቸው» በጽሑፍ አንድ ቃል ነው፤ በውስጡ ግን ምክንያት፣ አሉታ፣ ግሥ፣ ባለቤትና ተሳቢ አሉ። ከአንድ የግሥ ሥር በዚህ መንገድ በሺዎች የሚቆጠር መልክ ይወጣል። በነጠላ ሰረዝና በባዶ ቦታ ብቻ እየቆረጠ የሚቆጥር ፕሮግራም ደረሰ፣ ደርሶናል፣ ሊደርሳቸው፣ እንደደረሰበት የሚሉትን ዘመድነታቸውን ሳያውቅ ይበትናቸዋል። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር የሠራው ሆርንሞርፎ ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛና ለትግርኛ ይህን ሥራ ይሠራል፤ ቃሉን ተቀብሎ ሥሩን፣ ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ ጊዜውን ለይቶ ይመልሳል። ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በሰዋስውና በግስ ትምህርት በቃላቸው ያደርጉት የነበረው ሥራ፣ በሕግ ተዘርዝሮ ለማሽን የተሰጠ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው እንቅፋት ድምፅ ነው። የአማርኛ ፊደል መጥበቅንና መላላትን አይጽፍም። ልብስ የሚሰፋው «ሰፊ» ይላላል፤ መንገዱ «ሰፊ» ነው ሲባል ይጠብቃል። «አለኝ» ሲላላ ሰው የነገረኝ ነው፤ ሲጠብቅ ያለኝ ሀብት ነው። ጽሑፍ ብቻ የሚያይ ክምችት ይህን ሊነግር አይችልም፤ መዝገበ ቃላት ግን ሊነግር ይገባዋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ እንዲህ ባለ ቃል ላይ ድምፁን የሚያውቅ ሰው መቀመጥ አለበት።

ጉርብትና

እንቅፋቶቹ ከታለፉ በኋላ ክምችት ከሁሉ የላቀውን አገልግሎቱን ይሰጣል፤ ቃልን በጎረቤቶቹ ያሳውቃል። «ደረሰ» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እንግዳው ደረሰ፤ እህሉ ደረሰ፤ ጠላው ደረሰ፤ ልጁ ደረሰ፤ ጊዜው ደረሰ፤ መጽሐፍ ደረሰ። ድምፁ አንድ ነው፤ ልዩነቱን የሚሰጠው አብሮ የቆመው ስም ነው። ከስሙ በላይ የሚረቀው ግን ከግሡ ጋር የሚጣበቀው ቅጥያ ነው። «ደረሰው» ሲባል ከጎኑ ዕቁብ፣ ዕጣ፣ ርስት፣ ቤት፣ ደብዳቤ ይቆማሉ። «ደረሰበት» ሲባል ጉዳት፣ አደጋ፣ ግፍ፣ ኪሳራ ይመጣሉ። «ደረሰለት» ሲባል ደግሞ በችግር የተያዘ ሰውና የፈጠነ ዘመድ ይታያሉ። አንድ ሥር፣ ሦስት ቅጥያ፣ ሦስት ዕድል፦ ያገኘው፣ የተጎዳው፣ የታደጉት። ቅጥያውን ቆርጦ ሥሩን ብቻ የሚቆጥር ፕሮግራም ይህን ሁሉ በአንድ ማሰሮ ይደባልቀዋል። ቅጥያውን ጠብቆ የሚተነትን ግን አብዛኛው መዝገበ ቃላት ያላሰፈረውን ሥርዓት ያሳያል፤ በአማርኛ የፍቺ ድንበር ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በቅጥያው ላይ ነው።

ከዚህ አንድ የአስተሳሰብ ቅርስ ይወጣል። በኮንዶሚኒየም ጉዳይ የአዲስ አበባ ሰው «ቤት ገዛሁ» ከማለት ይልቅ «ደረሰኝ» ወይም «ወጣልኝ» ይላል። ግሡን ከዕቁብ ነው የተዋሰው። በዕቁብ ገንዘቡ የሁሉም ነው፤ ተራው የአንዱ ነው። ቤቱ ባለቤት፣ ሰውዬው ተሳቢ ሆኖ የሚነገርበት ይህ አነጋገር፣ ለዓመታት ተመዝግቦ፣ ቆጥቦ፣ ዕጣ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነገሩን እንዴት እንዳየው ይመሰክራል። ሰውዬው ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ቤቱ ወደ እርሱ መጣ። ይህን የሚያሳየው የዕቁብ «ደረሰኝ» እና የኮንዶሚኒየም «ደረሰኝ» ጎን ለጎን የተሰለፉበት ገጽ ነው። ማሽኑ ያሰልፋል፤ ዕቁብ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይረዳል።

«ኮንዶሚኒየም» የሚለው ቃልም የሚፈታው በጎረቤቶቹ ነው። በላቲን ሥሩ የጋራ ባለቤትነት ማለት ስለሆነ አዋጅ ቁጥር 370/1995 «የጋራ ሕንፃ» ሲል በታማኝነት ተርጉሞታል። በከተማው አፍ ግን ቃሉ ጠብቧል። የግል አልሚ የሠራው ፎቅ፣ ነዋሪዎቹ በጋራ ቢይዙትም፣ አፓርታማ ይባላል እንጂ ኮንዶሚኒየም አይባልም። ኮንዶሚኒየም የሚባለው መንግሥት ሠርቶ በዕጣ ያከፋፈለው ነው። በጎኑም የሚቆሙት ዕጣ፣ ተመዝጋቢ፣ ቆጣቢ፣ ሳይት፣ ብሎክ የሚሉት ናቸው። «ስቱዲዮ» ከፎቶ ጎን ሲቆም አንድ ነገር ነው፤ ከ«ባለ አንድ መኝታ» ጎን ሲቆም ሌላ ነው። ሥርወ ቃል የቃሉን አባት ይነግራል፤ ጎረቤቶቹ ዛሬ የት እንደሚኖር ይነግራሉ። መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ሊጽፍ ይገባዋል።

ያልተጻፈው

ክምችት ያልተጨመረበትን አይሰማም። የአማርኛ ክምችቶች በአብዛኛው ከዜና፣ ከሕግ፣ ከሃይማኖት መጻሕፍት፣ ከታተመ ልቦለድና ከኢንተርኔት ገጾች የተሰበሰቡ ናቸው። እነዚህ ሁሉ የጸሐፊ አማርኛ ናቸው። የንግግር ክምችት ሲፈለግም የተወሰደው መንገድ ይህንኑ ይመስላል። በ2005 እ.ኤ.አ. የቀረበው የታወቀው የአማርኛ የድምፅ ክምችት 100 ተናጋሪዎችና 20 ሰዓት ያህል ቅጂ አለው፤ ተናጋሪዎቹ ግን የተጻፈ ዐረፍተ ነገር አነበቡ እንጂ አልተጨዋወቱም። ለድምፅ መለያ ፕሮግራም ይህ ይበቃል። ለመዝገበ ቃላት አይበቃም፤ ድምፁ የሰው፣ ቃሉ የዜና ነው።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ይህ ክፍተት ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ ቦታ ነው። ነባሩ የልደታ ሰፈር ፈርሶ በቦታው ብሎኮች ሲቆሙ፣ ከቤቶቹ ጋር የተለወጠ የቃል ሥርዓት አለ። የቀበሌ ቤት፣ የጋራ ግቢ፣ አጥር፣ ጓሮ የሚሉት ቃላት የሚያርፉበት ነገር ተነሣ። በምትካቸው ብሎክ፣ ግራውንድ፣ ደረጃ፣ ኮሙናል፣ የነዋሪዎች ማኅበር መጡ። ከሰፈሩ የተነሣው ሰው «ልማት ተነሺ» ተባለ፤ ይህ ከጽሕፈት ቤት ወጥቶ ወደ ሰው አፍ የገባ ስያሜ ነው። በዜና ክምችት ውስጥ «ልማት ተነሺ» ከካሳና ከምትክ ቦታ ጎን ይገኛል። የተነሣው ሰው ራሱ ስለ ራሱ ሲናገር በምን ቃል ይናገራል? ይህን የሚመልስ ክምችት የሰውዬውን ወግ የቀዳ ክምችት ብቻ ነው።

ማሽን ያልሰማው ብቻ ሳይሆን ሰምቶ የሚጥለውም አለ። ከ2005 ዓ.ም. ምዝገባ ጀምሮ «ሃያ ሰማንያ» እና «አርባ ስልሳ» ለአዲስ አበባ ነዋሪ የቤት ዓይነት ስሞች ናቸው። «ሃያ ሰማንያ ተመዝግባለች» የሚል ዐረፍተ ነገር ማንም ይረዳዋል። በጽሑፍ ግን 20/80 እና 40/60 ሆነው ይገኛሉ። ብዙ የማጽጃ ፕሮግራሞች ቁጥርንና ምልክትን እንደ ቆሻሻ ስለሚያስወግዱ፣ የአንድ ከተማ የብዙ ዓመት ተስፋ የተጠራበት ስም ከቆጠራው በፊት ይጠፋል። ማጽዳት የሚባለው ሥራ የአዘጋጁን የመጀመሪያ ፍርድ የያዘ ነው፤ ጽሑፉን የሚያጸዳው ሰው ምን ቃል እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ወስኗል።

«ልደታ» የሚለው ስም ራሱ ሌላውን ጎን ያሳያል። ግእዙ «የእርሷ ልደት» ማለት ነው፤ የእመቤታችን ልደት። በክምችት ውስጥ ቃሉ ክፍለ ከተማ፣ ምድብ ችሎት፣ የባቡር ጣቢያ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ቤተ ክርስቲያንና የሴት ስም ሆኖ ይመጣል። ዜናው ስለሚበዛ ክፍለ ከተማውና ችሎቱ ቆጠራውን ይመራሉ። ግንቦት 1 ቀን ጎረቤት ተሰብስቦ ንፍሮ የሚቀቅልበት «ግንቦት ልደታ» ግን በዓመት አንድ ቀን የሚጠራ፣ ከሚጻፈው ይልቅ የሚበላበትና የሚመረቅበት ቃል ነው። ቆጠራው ዝቅ ያደርገዋል። ለሌሎቹ ስያሜዎች ሁሉ ምንጭ የሆነው ግን እርሱ ነው።

ይህን ለመሙላት የሚደረገው ሥራ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሰው ጨዋታ የሰው ነው፤ ሳያውቅ የተቀዳ ጎረቤት ለሳይንስ አስተዋጽኦ አላደረገም፤ ተሰርቋል። ፈቃድ ጠይቆ መቅዳት፣ ስምን መሰወር፣ የተቀዳውን ለተናጋሪው ማሰማት፣ አልፈልግም ያለውን መደምሰስ የሥራው አካል ናቸው።

ቁጥርና ሥልጣን

ከዚህ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ የፍልስፍና ነው። ብዙ ጊዜ መነገር ለቃል ሥልጣን ይሰጠዋልን? የአካዳሚ ልማድ ሊቁን ዳኛ ያደርጋል፤ የክምችት ልማድ ብዛትን ዳኛ ሊያደርግ ይፈተናል። ሁለቱም ብቻቸውን ሲሆኑ ይሳሳታሉ። አዋጁ «የጋራ ሕንፃ» ስላለ ሕዝቡ «ኮንዶሚኒየም» ማለቱ ስሕተት አይሆንም። ሕዝቡ ስለበዛም የአዋጁ ቃል ከንቱ አይሆንም፤ ውል የሚጻፈውና ክርክር የሚዳኘው በእርሱ ነውና። መዝገበ ቃላት የእያንዳንዱን ቃል ቤት ያሳያል፤ ይህኛው የችሎት ነው፣ ያኛው የደረጃ ላይ ወግ ነው ይላል።

በየትኛውም ክምችት ውስጥ የቃላት ብዛት አከፋፈል አንድ ዓይነት ነው። ጥቂት ቃላት እጅግ ይደጋገማሉ፤ ከተለያዩት ቃላት ግማሽ የሚያህሉት አንድ ጊዜ ብቻ ይታያሉ። ጆርጅ ዚፕፍ ያጠናው ይህ ሕግ በአማርኛ ይበረታል፤ ቅርጹ ስለሚበዛ ብቸኛው ቃል ይበዛል። ለማሽን አንድ ጊዜ የታየ ነገር ማስረጃው ደካማ ነው። ለአንባቢ ግን መዝገበ ቃላት የሚገለጠው ብዙ ጊዜ ለዚያ አንድ ጊዜ ለታየው ቃል ነው። «እና» ወይም «ነው» ምን ማለት እንደሆነ ለማየት መጽሐፍ የሚያወጣ የለም። ሰው መዝገበ ቃላት የሚከፍተው አያቱ የተናገሩትን፣ በቅኔ የሰማውን፣ በአሮጌ ደብዳቤ ያገኘውን ሊፈልግ ነው። ቆጠራ ደካማ በሚሆንበት በዚህ ቦታ የሊቁ ምስክርነት ይበረታል። ስለዚህ ደስታ ተክለ ወልድን ማሽን አይተካቸውም፤ ማሽኑ ለእርሳቸው ሥራ ጎረቤት ይሆናል።

የቅርቡ ዘመን አንድ አደጋ ጨምሯል። ዛሬ አማርኛ የሚጽፉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ጽሑፋቸውም ወደ ኢንተርኔት ይፈስሳል፤ ነገ ክምችት የሚሰበስበው ሰው ከዚያው ይቀዳል። እንዲህ ሲሆን ምስክሩ የራሱን ማሚቶ ሰምቶ መመስከር ይጀምራል። ከሌላ ቋንቋ እየተገለበጠ የተጻፈ አማርኛም እንዲሁ ነው፤ ፊደሉ የሀገር፣ አካሄዱ የባዕድ ይሆንና በብዛቱ ልማድ መስሎ ይቆጠራል። መድኃኒቱ የእያንዳንዱን ጽሑፍ ምንጭ መመዝገብ ነው፤ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ የት፣ ለማን። ምንጩ ያልታወቀ ቃል በክምችት ውስጥ ስሙን የማይናገር ምስክር ነው።

ድርሻ

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል «አማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1993 ዓ.ም. ታተመ። የጋራ ሕንፃ አዋጅ በ1995፣ የቤቶች ልማት መርሐ ግብር በ1997 ዓ.ም. ተከተሉ። ያ መጽሐፍ ሲታተም ዛሬ በልደታ ብሎኮች መካከል የሚነገረው የ«ደረሰኝ» ፍቺ ገና አልተወለደም ነበር። ይህ የመጽሐፉ ጥፋት አይደለም፤ ቋንቋ ሕያው ስለሆነ የሚሆን ነው። ጥፋት የሚሆነው መሣሪያው እያለ ሥራው ሲዘገይ ነው።

ሥራው የሚጠይቀው የታወቀ ነው። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው «አዲስ ዘመን»፣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው «ነጋሪት ጋዜጣ»፣ በየቤተ መጻሕፍቱ ያሉ መጽሔቶችና መጻሕፍት የደራሲ መብት ተጠብቆ ተነብበው ወደ ክምችት ይግቡ። ለሕዝብ በሕዝብ ገንዘብ የተሰበሰበ ክምችት ለሕዝብ ክፍት ይሁን። ፕሮግራም የሚሠራው ወጣትና የቅኔው መምህር በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። አንባቢም የሚያደርገው አለ። በቤቱ፣ በብሎኩ፣ በዕድሩ የሚሰማውን፣ በመጽሐፍ ያላየውን ቃል ከነተነገረበት ዐረፍተ ነገር፣ ከነቀኑና ከነቦታው ይጻፈው፤ ጠብቆ ወይም ላልቶ እንደሚነበብም ያመልክት። ጄምስ መሪ የኦክስፎርድን መዝገበ ቃላት የገነባው እንዲህ ባሉ ቁራጭ ወረቀቶች ነው።

«ድርሻ» የሚለው ቃል ከ«ደረሰ» የወጣ ነው። ለአንድ ሰው የደረሰው ማለት ነው። አማርኛ ለሚናገር ሁሉ ከአማርኛ የደረሰው አለ፤ የደረሰውንም ማስመዝገብ የእርሱ ፈንታ ነው።